የአዋሽ ዶሮ

ፋሲካ በመጣ ቁጥር እማዬ «ያኔ ሰመራ የበላሽውን ዶሮ ማን ሠራልሽ?» ትለኛለች። ዘንድሮ እውነቱን ልናገር። አልበላሁም እማ።

ጊዜው 2014 ነው። በጦርነቱ ከአብአላ፣ ከበራህሌ፣ ከመጋሌ የተፈናቀለው ሰው በየመጠለያው ነበር። እኔ በጎ ፈቃደኛ ሆኜ ሰመራ መጋዘን ውስጥ አልሚ ምግብ እቆጥራለሁ፣ ሲታደል እመዘግባለሁ። በሕማማት ሰኞ ከአዲስ አበባ ስመለስ አዋሽ ሰባት ለምሳ ቆምን። ከዚያ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ድሬ፣ አንዱ በሚሌ አድርጎ ወደ ሰመራ። «እዚያ ባላገኝስ» ብዬ አንድ ቀይ አውራ ዶሮ ገዛሁ። ያንን ሁሉ መንገድ እግሩ ታስሮ፣ በሙቀቱ አፉን ከፍቶ እያለከለከ አብሮኝ ሰመራ ገባ።

ማን እንደሚያርደው ግን አላሰብኩም። ክርስቲያን የሆኑት ወንዶቹ ባልደረቦቼ ለበዓሉ ወደየቤታቸው ሄደዋል። እኛ ቤት ደሞ ሴት አታርድም። የግቢያችን ጥበቃ አፋር ናቸው፣ በዕድሜ አባቴን ያህላሉ። «እኔ ማረድ እችላለሁ፤ ካረድኩት ግን አትበይም» አሉኝ። ምን ልበል፣ እውነታቸውን ነው። ከዚያ ዶሮውን አይተው ሳቁ። ለሳቸው ዶሮ ምግብ አይደለም።

ፋሲካ ሚያዝያ 16 ዋለ። ረመዳን ከገባ ሦስት ሳምንት አልፎት ነበር። ከቅዳሴ ወጥቼ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ግቢ ስደርስ አባባ ሱሑር ሊበሉ ተነስተዋል። እኔ የ55 ቀኑን ጾም ልፈታ፣ እሳቸው የቀኑን ሊይዙ። አንድ ምንጣፍ ላይ ተቀመጥን። እኔ የቀቀልኩትን እንቁላል አወጣሁ፣ እሳቸው ወተት ቀዱልኝ። ገና ሳልጠይቅ «የፍየል ነው፤ የግመል አይደለም» አሉኝ። እኛ የግመል እንደማንጠጣ ያውቃሉ ማለት ነው። ብዙም አላወራንም። አዛን ሲል እሳቸው አቆሙ፣ እኔም አብሬ አቆምኩ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ጠዋት መጠለያ ገባን። እማዬ የደወለችው እዚያ ሆኜ ነው። ፊት ለፊቴ አንዲት እናት ልጇን አቅፋለች፣ የክንዱ መለኪያ ቀይ ላይ ነው። «ምን በላሽ የኔ ልጅ?» «ዶሮ» አልኳት። «እንቁላልና ወተት» ብላት ታለቅሳለች። እዚያ ቁጭ ብዬ ደግሞ «ዶሮ አጣሁ» ብሎ ማዘን አፈርኩበት። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው ያወራሁት፤ ሴትየዋ አማርኛ ትስማ አትስማ እንጃ።

በሳምንቱ ሰኞ ኢድ ሆነ፣ አባባ ፍየል አረዱ። እኔ ቴምርና ዳቦ በላሁ። ለምን አላሉኝም።

ዶሮው እዚያው ቀረ። በኋላ ስደውልላቸው ከሰላምታ ቀጥሎ የሚነግሩኝ የሱን ወሬ ነበር፦ «ያ ሰውዬሽ እኮ ከሙአዚኑ በፊት ይጮሃል!»