አባዬ ውሃ ለምን እምቢ አለ?

አባዬን ስትሮክ ከመታው በኋላ ቤታችን የማይቆጠር ነገር አልነበረም። ግፊቱ ጠዋትና ማታ ይለካል፤ ኪኒኑ በሰዓቱ ይሰጣል፤ ቀኝ እጁ ስንት ጊዜ እንደታጠፈ እንኳ ወንድሜ ደብተር ላይ ይጽፋል። ሽንት ቤት ከተቀመጠ ስንት ቀን እንደሆነው ግን የጻፈ የለም። ማን ደፍሮ ይጠይቃል? አባት ነዋ!

ከሳምንት በላይ ሆኖት ምግብ እምቢ አለ። ሆዱ ተነፍቷል። ወዲያው ደግሞ ቀጭን ነገር አንሶላው ላይ ይፈስ ጀመር። "ተቅማጥ ያዘው" ብለን ማስቆሚያ ልንገዛ ስንል፣ ቤት እየመጣች የምታየው ሲስተር "ቆዩ እስቲ፣ ጋሼ ደህና ከወጣላቸው ስንት ቀናቸው ነው?" አለች። ተያየን። ጓንት አድርጋ መረመረችው። የደረቀ ሰገራ መውጫውን ደፍኖታል፤ የሚፈሰው በጎኑ እየሾለከ ነው። ለካ ድርቀት ነው! ያንን ማስቆሚያ ብንሰጠው ኖሮ... ተዉት።

ስትሮክ የሚያመጣው የእጅና የእግር መስነፍ ብቻ ይመስለን ነበር። ለካ ከአንጎል ወደ አንጀት የሚሄደው ትእዛዝም ይዛባል። መተኛቱ አለ፣ መዋጥ ማስቸገሩ አለ፣ ለሕመም የሚሰጠው ትራማዶል አለ። ድርቀት ስትሮክ ከመታቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉን የሚያገኝ ጣጣ ነው። ማማጡ ደግሞ ግፊቱን ሽቅብ ይሰደዋል።

የአባዬ ግን ሌላም ነበረበት። ውሃ ስንሰጠው ከንፈሩን አርጥቦ ይመልሳል፤ እኛ ጉሮሮው ነው እንላለን። አንድ ማታ ለወንድሜ ብቻ በተሳሰረ አንደበቱ "ከጠጣሁ... ሴቶቹ ሊያጥቡኝ ነው" አለው። እኔንና እህቴን ነው። ከኛ እጅ ጥሙን መርጦ ኖሯል።

ፖፖ ላይ ተጋድሞማ ጤነኛም አይሆንለት። አናጺ የአሮጌ ወንበር መቀመጫ ቆረጠልን፤ ከእግሩ ስር በርጩማ ገባ። ቁርስ ሲበላ አንጀትም ይነቃል ብላናለች ሲስተር፤ ስለዚህ ከበላ በኋላ በ20 እና በ30 ደቂቃ መሃል ወንድሜ ያስቀምጠዋል። በር ይዘጋል፣ ሬዲዮ ይከፈታል። ሐኪሙ ያዘዘው ላክቱሎስ ሽሮፕም አለ። ተልባ በጥብጡለት ያሉን ጎረቤቶች ነበሩ፤ ትን ይለዋል ብለን ፈርተን ተውነው።

ደብተሩ ላይ አዲስ ዓምድ ተሰመረ። ወንድሜ ስሙን መጻፍ አፍሮ "ጉዳይ" ብሎታል። አባዬ አይቶት በደህናው ጉንጩ ሳቀ፤ "ዛሬ... ተፈጽሟል በል" አለው።