ከመሰንቆ ወደ ሳክስፎን

ሐሙስ ማታ ጅዳ፣ ፔትሮሚን ሰፈር ከሥራ የገባ ሐበሻ ስልኩን ከፍቶ ዘፈን ሲያስጮህ፣ ሰዉ የሚጠይቀው «ዘፋኙ ማነው?» ብሎ ነው። ስለሚነፋው ሰውዬ የሚጠይቅ አላጋጠመኝም።

የእኔ ልብ ግን ነፊዎቹ ጋ ነው። አገራችን ውስጥ ሳክስፎን ከሱቅ ገዝቶ የጀመረ ስንት ይኖራል? አብዛኞቹ መሣሪያውን ያገኙት ባንድ ገብተው ነው። ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች የሙዚቃ ባንድ ሆነው እ.ኤ.አ. በ1924 አዲስ አበባ ገቡ፤ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። ኋላ ክቡር ዘበኛ፣ ፖሊስና ማዘጋጃ ቤት የየራሳቸውን ባንድ ይዘው ልጆች አሠለጠኑ። ደሞዙም፣ ዩኒፎርሙም፣ ትራምፔቱም ከአንድ ቤት!

ጋሽ ጌታቸው መኩሪያን ውሰዱ። የይፋት ልጅ ናቸው። በክራርና በመሰንቆ ጀመሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1949 ማዘጋጃ ቤት ባንድ ገቡ፤ ክላርኔትና ሳክስፎን ያዙ። ከዚያ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ቀጥሎም በፖሊስ ኦርኬስትራ ሠሩ። ትልቁ ሥራቸው ግን ሽለላና ፉከራን በሳክስፎን ማስጮሃቸው ነው። ፈረንጆቹ ከአሜሪካዊው የጃዝ ሳክስፎን ነፊ ከአልበርት አይለር ጋር ያመሳስሏቸዋል፤ የጋሽ ጌታቸው ምንጭ ግን ጃዝ ሳይሆን የጀግና ቀረርቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ከሆላንዱ ባንድ «ዘ ኤክስ» ጋር «ሞአ አንበሳ» የተሰኘውን አልበም አወጡ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 አረፉ።

እስቲ ዛሬ ማታ ሽለላቸውን ክፈቱና አዳምጡ። ጎረቤት እንዳይቆጣ ግን ድምፁን ቀነስ አድርጉት።