የቆጡና የብብቱ

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለውን ምሳሌ ከልጅነቱ ጀምሮ ያልሰማ በመካከላችን የለም። እኔም ሰምቼዋለሁ፤ ሌላውንም ስመክርበት ኖሬአለሁ። ነገር ግን ተረቱ ለእኔም የተተረተ መሆኑን የተረዳሁት ባለፈው ወር፣ በአንድ ማክሰኞ ማታ፣ በመኝታ ክፍላችን መብራት ድርግም ባለ ጊዜ ነው። ታሪኩን ለአንባቢዎች የማቀርበው ብልኅነቴን ለማስታወቅ ሳይሆን፣ ከስሕተቴ የሚማር ቢገኝ ብዬ ነው።

የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ብዙ መሣሪያ አያስፈልገውም፤ መጽሐፍና አንድ ላፕቶፕ ካለው ይበቃዋል። የእኔ ላፕቶፕ ከታላቅ ወንድሜ የወረስሁት ነው። ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፤ ከሶኬት ሲነቀል ወዲያው ይጠፋል። በዚያ ላይ ከመዘግየቱ የተነሣ፣ ጧት ማብሪያውን ተጭኜ፣ ፊቴን ታጥቤ ስመለስ ገና ሲከፈት አገኘዋለሁ። ጓደኞቼም «ጡረታ አውጪው እንጂ!» እያሉ ይሥቁብኝ ነበር።

በላይኛው አልጋ የምትተኛው የኢንጂነሪንግ ተማሪ ግን ሳትሥቅ መረመረችውና፣ «ማሽኑ ደኅና ነው፤ የሚያዘገየው ሐርድ ዲስኩ ነው። ኤስ ኤስ ዲ ግዢለት» አለችኝ። ልዩነቱን እንድታስረዳኝ ብጠይቃት እንዲህ ስትል አብራራችልኝ።

በሐርድ ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከር ሳሕን አለ፤ የእኔው በደቂቃ 5400 ጊዜ ይዞራል። በሳሕኑ ላይ ቀጭን ክንድ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰች የተጻፈውን ታነባለች። አይ ቢ ኤም በ1956 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው የመጀመሪያው ሐርድ ዲስክ 50 ሳሕኖች ነበሩት፤ ይሁን እንጂ የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደል ያህል ብቻ ነበር። ኤስ ኤስ ዲ ግን የሚሽከረከርም ሆነ የሚንቀሳቀስ አካል የለውም። ጽሑፉ የሚቀመጠው ጃፓናዊው መሐንዲስ ፉጂዮ ማሱኦካ በቶሺባ ኩባንያ ሳለ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በፈለሰፈው የፍላሽ ሜሞሪ ውስጥ፣ በኤሌክትሪክ ቻርጅ መልክ ነው። ክንዲቱ ደርሳ እስክታነብ መጠበቅ ስለሌለ ሥራው ይፈጥናል።

ይህን ከሰማሁ በኋላ ትዕግሥት አጣሁ። ከኪስ ገንዘቤ አጠራቅሜ መገናኛ ካሉት ሱቆች ባለ 480 ጊጋባይት ገዛሁ፤ አሮጌው ባለ 320 ነበር። አዲሱን ዲስክ ከዩኤስቢ ጋር የሚያገናኝ ኬብልም ተዋስሁ። የሚቀረው ዊንዶውሱን ከነፋይሉ ከአሮጌው ወደ አዲሱ ማዛወር ነው።

እዚህ ላይ በአሮጌው ዲስክ ምን እንደ ነበረ መናገር ይገባኛል። አያቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ባለው አገራችን ሙሾ አውራጅ ነበረች። በ2014 ዓ.ም. ክረምት አጠገቧ ተቀምጬ የምታውቀውን ሙሾ ሁሉ በስልኬ ቀዳሁ፤ ለማን እንደ ተገጠመና በምን ምክንያት እንደ ተገጠመም ነገረችኝ። በመጨረሻም ላፕቶፑን በጣቷ ነካ አድርጋ፣ «ልጄ፣ ይኼ ሁሉ እዚህ ውስጥ ይቆይልኛል?» አለችኝ። እኔም «ይቆያል» አልኋት። ስልኩ በዓመቱ ተሰረቀብኝ፤ አያቴም በ2016 ዓ.ም. ዐረፈች። ስለዚህ ድምፅዋ በዓለም ላይ ያለው በአንድ ቦታ ብቻ ነበር። የመመረቂያ ጽሑፌም የሚቆመው በዚያው ላይ ነው።

ጓደኛዬ ይህን ስትሰማ ኬብሉን ከእጄ ወሰደችና፣ «መጀመሪያ የማይተካውን ለብቻ ገልብጪ» አለችኝ።

«ሁሉንም ልንገለብጠው አይደለም እንዴ? ለምን ሁለት ሥራ እንሠራለን?» አልኋት።

«ዲስኩን አሳስተሽ የመረጥሽ እንደ ሆነስ?»

እያጉረመረምሁ ድምፁን በሙሉ በራሷ ፍላሽ ላይ ገለበጥሁ። ከኻያ ደቂቃ አላለፈም።

ከዚያ በኋላ ዊንዶውሱን ሙሉ በሙሉ ዘጋንና ክሎንዚላ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ከሌላ ፍላሽ አስነሣን። ፕሮግራሙ የሚጠይቀው ዋና ነገር ሁለት ነው፤ ምንጩ የትኛው ነው? መድረሻውስ የትኛው ነው? ለሁለቱ ዲስኮች የሚሰጣቸው ስም በአንድ ፊደል ብቻ የሚለያይ ሲሆን፣ መድረሻ የተባለው ዲስክ ያለበት ሁሉ ይጠፋል። በቋንቋችን «መገልበጥ» ማለት መቅዳትም ነው፤ ማፍሰስም ነው። እኔም በችኮላ ባዶውን ምንጭ አድርጌ ልመርጥ ስል ጓደኛዬ እጄን ያዘችና፣ «ስሙን ተዪው፤ መጠኑን አንብቢ» አለችኝ። 320 የሚለው ምንጭ፣ 480 የሚለው መድረሻ መሆኑን አይቼ አስተካከልሁ። ፕሮግራሙ «እርግጠኛ ነህን?» እያለ ደጋግሞ ጠየቀ፤ ከዚያም ጀመረ።

ከግማሽ በላይ እንደ ተጓዘ መብራት ጠፋ። ባትሪ የለምና ላፕቶፑም አብሮ ጸጥ አለ። ክፍሉ ጨለማ ሆነ፤ እኔም የአያቴን ጥያቄና የሰጠኋትን መልስ አስታወስሁ። ሳላስበው እጄን ወደ ኪሴ ሰድጄ ፍላሹን ጨበጥሁ።

ጓደኛዬ ከላይ አልጋ ሆና፣ «አትፍሪ፤ አሮጌው ሲነበብ ነበር እንጂ አልተጻፈበትም። የተበላሸው አዲሱ ላይ ያለው ግማሽ ግልባጭ ነው» አለችኝ። እውነትም ማዛወር የምንለው ሥራ በመሠረቱ መቅዳት ነው፤ ምንጩ እንዳለ ይቀራል። ግን ያን ጊዜ ያረጋጋኝ ማብራሪያው ሳይሆን በእጄ ያለው ፍላሽ ነበር።

መብራቱ ሲመለስ እንደ ገና ከመጀመሪያው ጀመርን። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አለቀ። ላፕቶፑን አጥፍተን፣ ከሶኬት ነቅለን፣ የክዳኑን ብሎኖች በካቻቢቴ ፈታን። አሮጌውን ዲስክ ከመያዣው አውጥተን አዲሱን በቦታው አስገባን። ሁለቱ መንትያ ስለ ሆኑ ማሽኑ እንዳይደናገር አሮጌውን ሳናገናኝ አስነሣነው። ሠላሳ ሰከንድ ሳይሞላ ተከፈተ! በመጨረሻም ባዶ የቀረውን የአዲሱን ዲስክ ቦታ ከዋናው ክፍል ጋር ቀላቀልነው።

እኔ በደስታ ስዘል ጓደኛዬ ሌላ ምክር ጨመረችልኝ። ሐርድ ዲስክ ሊሞት ሲል ብዙ ጊዜ ይንቋቋል፣ ይዘገያል፤ ኤስ ኤስ ዲ ግን ምልክት ሳይሰጥ በድንገት ሊቆም ይችላል። ከላዩ የጠፋ ፋይልም ተመልሶ የመገኘቱ ዕድል የመነመነ ነው። ኤሌክትሪክ ሳያገኝ ለዓመታት ቢቀመጥ ደግሞ የያዘውን ሊረሳ ይችላል። ስለዚህ ፈጣኑ ዕቃ ከዘገምተኛው የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል ማለት ነው።

አሮጌው ዲስክ አሁን በጨርቅ ተጠቅልሎ በሣጥኔ ውስጥ አለ። አንድ ቅጂ ለእናቴ ልኬአለሁ፤ ሌላውን ለአጎቴ ሰጥቻለሁ። የጓደኛዬንም ፍላሽ ሌላ ገዝቼ ተክቼላታለሁ።

አንድ ነገር ልናዘዝ። አያቴን ከቀበርን ወዲህ ያንን ድምፅ ከፍቼ አልሰማሁም ነበር፤ እፈራ ነበር። በዚያ ሌሊት ግን ቅጂው ደኅና መሆኑን ለማረጋገጥ የግድ መክፈት ነበረብኝ። ማሽኑ ፈጠነ እንጂ አያቴ አልፈጠነችም፤ እንደ ልማዷ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ ቆም ብላ፣ ቀስ ብላ ጀመረች። ጓደኛዬም ከላይ አልጋ ወርዳ አጠገቤ ተቀመጠች፤ እስኪነጋ ሰማን።

አንባቢ ሆይ! ኤስ ኤስ ዲ ብትገዛም ባትገዛም፣ በብብትህ ያለው ምን እንደ ሆነ ዛሬ ማታ ቁጠር። አንድ ብቻ ከሆነ ሁለት አድርገው፤ ወደ ቆጡ የምትንጠራራው ከዚያ በኋላ ይሁን።