ገል

በዚያ መንደር መጀመሪያ ጆሮዬ ለቅሞ የያዘው ቃል «ገል» ነው። አከራዬ አንድ ነገር ይነግሩኝና መጨረሻው ላይ ቀና ብለው እያዩኝ «ገል?» ይላሉ። ዳቦ ቤት የምትሸጠዋ ልጅ መልስ ስትሰጠኝ «ገል?»። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን የሚወጡት አሮጊቶች እርስ በርሳቸው «ገል፣ ገል»። እኔ 600 ሰዓት ጀርመንኛ ተምሬ፣ ፈተናውን አልፌ፣ ወረቀቱን በፕላስቲክ ሸፍኜ የመጣሁ ሰው ነኝ፤ መጽሐፉ ውስጥ ግን ገል የሚባል ነገር አላየሁም። የማውቀው ገል የሸክላ ስባሪ ነው፤ ልጅ ሳለሁ እናቴ ከጎረቤት ፍም የምታስመጣኝ በእሱ ነበር። «አይደል?» ማለታቸው እንደሆነ እስኪገባኝ ድረስ፣ መንደሩ በሙሉ ስለተሰበረ ዕቃ የሚያወራ ይመስለኝ ነበር።

መንደሩ ያለው ሽቬቢሼ አልብ በሚባለው የደቡብ ጀርመን ደጋ ላይ ነው፤ ከሮይትሊንገን ተነስተው ጠመዝማዛውን ዳገት ከወጡ በኋላ። ደጋ ሲሉኝ ሳቄ መጣ። ከፍታው በ700 እና በ800 ሜትር መካከል ነው። ከደጀን ወርደን የምንሻገረው የዓባይ ድልድይ እንኳ ከዚያ ይበልጣል፣ እኔ ደግሞ የቢቸና ልጅ ነኝ። ኅዳር ሲገባ ግን ሳቄን ዋጥኩት። ራሳቸውም ብርዱን የሚለኩት በካፖርት ነው፤ አልብ ላይ ከታች ካለው ሸለቆ አንድ ካፖርት ይበልጥ ይበርዳል ይላሉ። የደረስኩት እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ሥራዬ በየቤቱ እየዞሩ አሮጊትና ሽማግሌ መርዳት ነበር፤ ማጠብ፣ ማልበስ፣ ያበጠ እግር ላይ ያንን ጠባብ የሐኪም ካልሲ መሳብ። ካልሲው ብቻውን ሰው ያደክማል።

የማጥባቸውና የማለብሳቸው ሰዎች የሚናገሩት ግን እኔ የተማርኩትን ጀርመንኛ አይደለም። እኔ የተማርኩት ዜና የሚነበብበትን ነው፤ እነሱ የሚናገሩት ሽቬቢሽ ነው፣ ቃሉ ሲያልቅ ጫፉ የሚዋጥ፣ «ስ»ው በብዙ ቦታ ወደ «ሽ» የሚያደላ። አልፈረድኩባቸውም። እኔም ከጎጃም አዲስ አበባ ስገባ በአነጋገሬ ስንት የተሳቀብኝ ነኝ። ብቻ አልገባኝም።

ሰላምታው ቀድሞ ገባኝ። ትምህርት ቤት «ጉተን ታግ» ነበር፤ እዚህ «ግሩስ ጎት» ነው፣ እግዜር ሰላም ይበልሽ እንደማለት። ጤና ይስጥልኝ ሲባል ላደገ ሰው ይህ ባዳ አይሆንም። ያስቸገረኝ ከዚያ የሚከተለው ነው። ደጅ ስጠርግ ጎረቤት ያልፍና «ዞ፣ እየጠረግሽ ነው?» ይለኛል። ከሱቅ ስመለስ «ዞ፣ ሱቅ ሄደሽ ነበር?»። መጥረጊያውን በእጄ እያየ ምን ይጠይቀኛል፣ ሊቆጣጠረኝ ነው እንዴ ብዬ ወር ያህል ቅር ብሎኝ ከረምኩ። መልሱንም አስረዝም ነበር፤ ለምን እንደምጠርግ፣ ምን እንደገዛሁ፣ ስንት እንደከፈልኩ። አንድ ማታ ከእህቴ ጋር በስልክ ሳወራ እሷ ዘንድ ሰው ገባና «መጣህ?» ስትለው ሰማሁ። ሰውየው እኮ ፊቷ ቆሟል። የመጣውን መጣህ፣ የተነሣውን ተነሣህ ብለን የምንጠይቅ እኛ አይደለንም? ከዚያ ወዲህ «ዞ፣ እየጠረግሽ ነው?» ሲሉኝ «አዎን፣ መጠረጉ አይቀር» ብዬ አልፋለሁ። እነሱም የሚፈልጉት ይህንኑ ነው።

መጥረግን ካነሣሁ አይቀር፣ «ኬርቮኸ» የምትባል ሰሌዳ አለች። ተራ የደረሰው ሰው በር ላይ ትንጠለጠላለች፤ ያ ሳምንት ደረጃውን፣ ምድር ቤቱንና ከቤቱ ፊት ያለውን መንገድ የሚያጸዳው እሱ ነው። አንድ ቅዳሜ ተራዬ ሆኖ ወጥቼ ባይ አንዲት ቅጠል የለም። ተመልሼ ገባሁ። ጥቂት ቆይቶ ከታች የመጥረጊያ ድምፅ ሰማሁ፣ ያውም ሆነ ተብሎ ጠንከር የተደረገ። አከራዬ ናቸው፤ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ሮጬ ወርጄ «ቆሻሻ ስለሌለ እኮ ነው ያልጠረግሁት» አልኳቸው።

«ቆሻሻ ሲኖርማ ማንም ይጠርጋል» አሉኝ፣ ቀናም ሳይሉ።

ከእሳቸው ጋር ሁለት ዓመት ያህል «ዚ» ተባብለን፣ ማለትም እርስዎ እየተባባልን ከኖርን በኋላ፣ አንድ ቀን እጃቸውን ዘርግተው «ከዛሬ ጀምሮ ዱ በይኝ» አሉኝ። አንቺ በይኝ መሆኑ ነው። ትልቅ ክብር እንደሆነ አውቃለሁ፤ አፌ ግን እምቢ አለ። እናቴን በዕድሜ የሚበልጡ ሴት አንቺ ልል? ዛሬ በጀርመንኛ አንቺ እላቸዋለሁ። በአማርኛ ሳስባቸው ግን፣ ይኸው እንደምታዩት፣ እሳቸው ናቸው።

የሰዓቱን ነገር ልንገራችሁ። ሽቱትጋርት ሄጄ ጤፍ ልገዛ ፈልጌ አውቶቡሱ ስንት ሰዓት እንደሚመጣ አከራዬን ጠየቅኋቸው። «ፊርትል ድራይ» አሉኝ፤ ሩብ ሦስት። ትምህርት ቤት የነገሩን ከሩብና ሩብ ጉዳይ ነው፤ ሩብ ሦስት የሚባል የለም። ለሦስት ሩብ ጉዳይ ማለታቸው ይሆናል ብዬ፣ እንደ ልማዴ በሆዴ ወደ ሐበሻ ሰዓት መልሼ፣ ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ አልኩና ተረጋጋሁ። አውቶቡሱ ስምንት ከሩብ ላይ ሄዷል። የሚቀጥለው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። በረዶው እየጣለ፣ ያቺ የእንጨት መጠለያ ውስጥ እግሬን እያማታሁ ቆየሁ።

በማግስቱ ይህን ለአንድ ደምበኛዬ አወራሁ። 91 ዓመታቸው ነው፣ ገበሬ የነበሩ፣ እጃቸው እንደ ሞፈር እንጨት የጠነከረ። ምንም ሳይናገሩ ከኪሳቸው ሰንጢ አወጡ፣ ከጠረጴዛው ላይ ፖም አነሡ፣ አራት ቦታ ቆረጡት። አንዱን ቁራጭ ለእኔ ሰጡኝ። «ይኼ ሦስተኛው ሰዓት ነው» አሉ ቀሪውን እያሳዩ፣ «ሩቡን በላሽው። ፊርትል ድራይ።» ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ የምንኖረው ሦስተኛውን ሰዓት ነው ለካ፤ ሩቡ ሲያልቅ ሩብ ሦስት። ከዚያ በኋላ አልተሳሳትኩም። አሁን ጊዜ ስጠየቅ የፖም ጣዕም አፌ ላይ ይመጣል።

እኒህ ሽማግሌ ናቸው ጀርመንኛ ያስተማሩኝ ብል ማጋነን አይሆንም። የመጀመሪያው ትምህርት ግን ሊገድለን ነበር። ገና በሁለተኛው ሳምንት፣ ከአልጋ ጠርዝ አስነሥቼ ሱሪያቸውን ወደ ላይ ስስብ፣ መንገዳገድ ጀመሩና «ሄብ! ሄብ!» ብለው ጮኹ። መጽሐፌ «ሄበን» አንሣ ነው ይላል። አንሺኝ አሉኝ ብዬ በብብታቸው ሥር ገብቼ በሙሉ ኃይሌ ወደ ላይ ሳብኳቸው። ዘጠና ኪሎ ይሆናሉ። ሁለታችንም አልጋው ላይ ወደቅን፣ እሳቸው ከላይ፣ እኔ ከታች፣ ሱሪው ጉልበታቸው ላይ። አለቀልኝ፣ ከሥራ ተባረርኩ ብዬ ዐይኔን ስጨፍን ደረታቸው ሲርገበገብ ተሰማኝ። እየሳቁ ነው። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። በእነሱ ቋንቋ «ሄብ» ያዝ ማለት ነው፤ ለማንሳት «ሉፕፍ» ይላሉ። ያዢኝ ያሉትን ሰውዬ ነው ብድግ ያደረግሁት።

መጽሐፉ ያልረዳኝን ያህል አማርኛ የረዳኝ ጊዜም አለ፤ ይህን ማንም አይጠብቀውም። አንድ ቀን የሰሜን ጀርመን ሰው የሆነ ተተኪ ሐኪም ሽማግሌውን ሊያይ መጣ። የት እንደሚያማቸው ሲጠይቃቸው «ፉስ» አሉት። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ ጫማቸውን አወለቀ፣ ካልሲያቸውን ገፈፈ፣ ጣታቸውን አንድ በአንድ ጫን ጫን አደረገ። ምንም የለም። ሽማግሌው ተናደዱ፤ «ፉስ እያልኩህ!» ሐኪሙ ግራ ገብቶት አየኝ። በመጽሐፉ ቋንቋ ፉስ ከቁርጭምጭሚት በታች ያለው ብቻ ነው፤ ለሽቬቢሾቹ ግን ከጣት እስከ ዳሌ ያለው ሁሉ ፉስ ነው። እኔ ለማወቅ ሽቬቢሽ መሆን አላስፈለገኝም፤ እኛም እግር ስንል እግር ነው፣ ማን ይቆራርጠዋል? «ጭናቸውን ነው የሚያማቸው» አልኩት። ሱሪውን ዝቅ ሲያደርግ ከዳሌያቸው ሥር ትልቅ ሰማያዊ ሰንበር ተጋድሟል፤ ወድቀው ደብቀውን ኖሯል። ለጀርመን ሐኪም የጀርመን ሽማግሌን ጀርመንኛ ከቢቸና የመጣች ሴት አስተረጎመችለት። ማታ ቤቴ ገብቼ ብቻዬን ሳቅሁ።

ከሽማግሌው ጋር ስለ ውኃም እናወራ ነበር። አልብ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ዝናቡን ጠጥቶ ወደ ታች ይሰደዋል፣ ላዩ ላይ ምንጭ የለም ማለት ይቻላል። ድሮ ከብቱም ሰውም ከአንድ ኩሬ ይጠጣ ነበር፤ ኩሬው ሲደርቅ በበርሜል ከሸለቆው ይጭናሉ። ከታች በፓምፕ የተገፋ ውኃ ለመጀመሪያ ጊዜ ዩስቲንገን የተባለው መንደር የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1871 ነው። የሽማግሌው ሴት አያት ያኔ ልጅ ነበሩና ስለዚያ ኩሬ ሽታ ሲያወሩ ሰምተው አድገዋል። እኔም የራሴን ነገርኳቸው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ከምንጭ ስመለስ ጭቃው አዳልጦኝ እንስራው ተፈረከሰ። ማዘያ ገመዱን ብቻ አንጠልጥዬ ስመጣ እናቴ ከሩቅ አየችኝ፤ ወደቅሽ ወይ፣ ተጎዳሽ ወይ አላለችም፣ «ምን ሰበርሽ?» ነው ያለችው። ተመልሼ ገሉን እንድለቅም ላከችኝ። ሽማግሌው «እዚህ እኮ ስባሪ ዕድል ያመጣል ይባላል» አሉኝ። ይህን እናቴ ብትሰማ ምን እንደምትል አውቃለሁ።

ሐምሌ ላይ ወደ ሥራ ስሄድ መንገድ ዳር አንድ ማሳ አቆመኝ። ገብስ ነው፤ ግን ሥሩ የተጠላለፈ አንድ ሌላ ነገር አለበት። ተጠጋሁ፣ አንዲት ጠፍጣፋ ፍሬ መያዣ ሰብሬ ከፈትኩ፣ ሁለት ክብ ክብ። ምስር! ጀርመን አገር፣ ገብስ ተደግፎ የቆመ ምስር። እነሱ «ላይዛ» ይሉታል። ጥንት የድሃ ምግብ ነበር፣ ከዚያ ዘሪ አጥቶ ጠፋ። ማመል የተባለ ገበሬ እ.ኤ.አ. በ1985 ምስር እንደገና መዝራት ጀመረ፤ የጥንቱ የአልብ ዘር ራሱ ግን የተገኘው በ2006 ነው፣ ሴንት ፒተርስበርግ በሚገኘው በቫቪሎቭ ተቋም የዘር ማከማቻ። ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 እኛ አገር ድረስ መጥቶ እህል የሰበሰበው ሰው ነው። የቢቸና ምስርና የአልብ ምስር እዚያ መደርደሪያ ላይ ጎረቤት ሆነው ይሆን እያልኩ ሥራ አረፈድኩ።

አከራዬ ይህን ደስታዬን ሰምተው ምሳ ጠሩኝ። ላይዛ በኮምጣጤ፣ አጠገቡ ሽፔትስለ የሚሉት ፓስታ፣ ላዩ ላይ ቋሊማ። ቀኑ ዓርብ ነበር። እየጾምኩ ነው ስላቸው ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ምንሽን ልትቀንሺ?» አሉ። ቋሊማውን አነሡልኝ። ሽፔትስለው በእንቁላል እንደሚቦካ ስነግራቸው እሱንም አነሡ፣ ፊታቸው እየጠቆረ። ምስርና ኮምጣጤ በላሁ። በሐቀኝነት ልናገር፣ ኮምጣጤውን እስከ ዛሬ አልለመድኩትም።

ብድሩን ልመልስ ብዬ በሳምንቱ ምስር ወጥ ሠራሁላቸው። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት ጊዜ ሰጥቼ አበሰልኩ፣ እናቴ የላከችውን በርበሬ ሳልሰስት ጨመርኩ፣ በአልብ ምስር። በእጃቸው ሊበሉ ሞከሩ፣ ተዉትና ማንኪያ ያዙ። ላብ በግንባራቸው ወረደ። ሳህኑን በእንጀራ ጠርገው ጨረሱና አፋቸውን አብሰው «ማ ካስ ኤሳ» አሉ።

ሊበላ ይችላል።

ሊበላ ይችላል? ከጠዋት ጀምሮ ቆሜ የሠራሁት? ድስቴን ይዤ ደረጃውን ወጣሁ። በማግስቱ ካልሲ ሳለብሳቸው ለሽማግሌው አማረርኩ። «እንዲህ አለችሽ?» አሉ ከልባቸው ተገርመው፤ «እኔ ሚስቴን ሃምሳ ዓመት ሙሉ ከዚህ በላይ ብያት አላውቅም።» ባለፈው ቅዳሜ አከራዬ ባዶ ድስታቸውን ይዘው በሬን አንኳኩ። ምንም አላሉም፤ ድስቱን ብቻ ዘረጉልኝ።

እናቴ ጋ እሁድ እሁድ እደውላለሁ። ደም ግፊት ይዟታል፣ ክኒኑን ትረሳለች። በቀደም እንደ ልማዴ ስጨቀጭቃት «መድኃኒትሽን ወስደሻል፣ ገል?» አልኳት። ከአፌ መውጣቱን እንኳ አላወቅሁትም። ስልኩ ዝም አለ። የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ፣ ሃሎ አልኩ።

«ደግሞ ምን ሰበርሽ?» አለችኝ።