ሚላኖ ለሚሄደው ልጄ



ይህን ደብዳቤ ከኮትህ የውስጥ ኪስ የከተትኩት ፊት ለፊት ብነግርህ «እማዬ በቃ፣ ገባኝ» ብለህ እንደምታቋርጠኝ ስለማውቅ ነው። ወረቀት አይቋረጥም። ደግሞ ስለ ልብስ የምመክርህ በእናትነቴ ብቻ አይደለም፤ ዕድሜዬን ከመቀስና ከካውያ ጋር የጨረስኩ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ አንተንም ያሳደግኩህ የሰው ሱሪ እያሳጠርኩ ነው።

«አዲስ ሱፍ ልግዛ?» ብለኸኝ ነበር። አትግዛ። አዲስ ሱፍ ለብሶ አዲስ አገር የገባ ሰው እንግዳነቱ እጥፍ ነው፤ ኮቱ ብብቱን ይይዘዋል፣ ጫማው ይነክሰዋል፣ ቀኑን ሙሉ ሐሳቡ እዚያው ላይ ነው። አንተ ደግሞ የምትሄደው ወንበርና ጠረጴዛ ልታይ ነው።

ሚላኖ አክስትህ ዘንድ በከረምኩ ጊዜ ትራም ማቆሚያ ላይ ቆሞ ሰው ማየት ሥራዬ ነበር። እንደዚያ ከተማ የልብስ ልክ የሚያውቅ ሕዝብ አላየሁም። አንድ ቀን ክርኑ የሳሳ ኮት የለበሱ ሽማግሌ አየሁ። ትከሻው አጥንታቸው ላይ ያለ አንዳች ሽብሽብ ተቀምጧል፣ የሸሚዙ እጅጌ ከኮቱ ሥር ጣት የማይሞላ ብቅ ብሏል፣ ሱሪው ጫማው ላይ አልተከመረም። ኮቱን ስንት ዓመት እንደለበሱት እግዜር ይወቅ። ከላያቸው አዲስ ነገር ያየሁት የያዙትን ጋዜጣ ብቻ ነው።

አንተ አናጺ ስለሆንክ በወንበር ላስረዳህ (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፍልህ)። ጆ ፖንቲ የሚላኖ ልጅ ነው። በ1957 ካሲና ከሚባለው ፋብሪካ ጋር ያወጣት «ሱፐርሌጄራ» የተባለች ወንበር የምትመዝነው 1.7 ኪሎ ብቻ እንደሆነ የነገርከኝ አንተው ነህ። ሰውዬው እግሮቿን እየላገ እየላገ፣ ከዚህ በላይ ቢነካት ትሰበራለች የሚባልበት ላይ ሲደርስ አቆመ። ጆርጆ አርማኒም በኮት ላይ ያደረገው ይህንኑ ነው። በ1975 ሚላኖ ላይ የራሱን የፋሽን ቤት ሲከፍት የወንድ ኮት እንደ ሣጥን የደረቀ ነበር፤ እሱ የትከሻውን ስፖንጅ፣ የደረቱን ማጠንከሪያና ገበሩን እያወጣ ጨርቁን ሰውነት ላይ ለቀቀው። በ2025 በ91 ዓመቱ እስኪያርፍ ድረስ ራሱ ብዙ ጊዜ የሚታየው በተራ ጥቁር ሰማያዊ ሹራብ ነበር። በነገራችን ላይ፣ እኛ ሰፊዎች ስፖንጅ የምናበዛው የአቆራረጥ ጉድለት ለመሸፈን ነው፤ ይህን ለደንበኛ አንናገርም።

ስለዚህ የተመረቅህበትን ኮት ፈታሁት። ስፖንጁን አውጥቻለሁ፣ ገበሩን ከጀርባ በኩል ግማሽ አድርጌዋለሁ፣ እጅጌውን አሳጥሬዋለሁ። እጅጌው ጫፍ ላይ የነበረውን የፋብሪካ ምልክትም ቆርጬ ጣልኩት። አውቃለሁ፣ እዚህ ስንቱ ሙሽራ እሱን እንዳንጠለጠለ ነው የሚሞሸረው። ግን ያ ምልክት ለሱቅ የተለጠፈ ነው፤ ልብሱ ሲገዛ ይነቀላል። ከጀርባ ስንጥቁ ላይ በመስቀለኛ የተሰፋችው ክርም እንዲሁ፤ ይኸው ከተመረቅህ ጀምሮ እንደተሰፋች ነበረች! የታችኛውን ቁልፍ አትቆልፍ። አራት ሸሚዝ ይበቃሃል፣ ሁለቱ ነጭ፣ ሁለቱ ውኃ ሰማያዊ። የሚያብረቀርቀውን ግራጫ ሸሚዝህን ከሻንጣው አውጥቼዋለሁ፤ አትፈልገው።

ከልብሱ ይልቅ የምፈራልህ ጫማውን ነው። የምትሄድበት ሳሎኔ ዴል ሞቢሌ ከ1961 ጀምሮ ያለ ትልቅ የቤት ዕቃ ኤግዚቢሽን ነው፤ አሁን የሚካሄደው በቀዩ የሜትሮ መስመር ጫፍ፣ ሮ በሚባለው ቦታ ነው። አዳራሾቹን ከዳር እስከ ዳር መሄድ አንድ ቀን ይፈጃል። የመሐል ከተማው መንገድ ደግሞ ብዙው የድንጋይ ንጣፍ ነው፤ በመካከሉ የትራም ሐዲድ ያልፋል፣ ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታል። ቡናማውን የቆዳ ጫማህን ውሰድ። ታኮውን አስቀይሬዋለሁ፣ የላስቲክ ሶልም አስለጥፌበታለሁ። ነጩ ስኒከር ለኤግዚቢሽኑ ይሁንህ፤ ንጹሕ ከሆነ ማንም አይታዘብህም። እንደ ፒያሳ በየጥጉ ሊስትሮ ስለሌለ ብሩሽና ቀለም ከሻንጣው ጎን አድርጌልሃለሁ። ነጭ የስፖርት ካልሲ ከቆዳ ጫማ ጋር ካየሁብህ ግን፣ በፎቶም ቢሆን፣ ልጄ አይደለህም።

ሚያዝያ እዚያ የሚታመን ወር አይደለም። ጠዋት ይበርዳል፣ ቀትር ላይ ኮት ያስወልቃል፣ ከሰዓት በኋላ ሳይታሰብ ይዘንባል። ካፖርት አትሸከም፤ ቀጭኑን ሹራብ ከኮቱ ሥር አድርግ። ማታ ብሬራና ቶርቶና የሚባሉት ሰፈሮች በኤግዚቢሽኑ ሰሞን እስከ ምሽት በሰው እንደተሞሉ ነው፤ ያኔ ሸሚዝህን ብቻ ቀይር፣ ሌላ ልብስ አያስፈልግም።

ዱኦሞ ሳትገባ እንዳትመጣ። ግንባታው በ1386 የተጀመረ ካቴድራል ነው። ትከሻና ጉልበት መሸፈን ለወንድም ለሴትም ግድ ነው፤ ቁምጣ ለብሶ የመጣ ፈረንጅ ከበር ሲመለስ አይቻለሁ። ኮፍያህን አውልቅ፤ ጫማ ግን እዚያ አይወለቅም፣ ልማድ ይዞህ እንዳትጎነበስ። ከጎኑ ያለው ባለ መስታወት ጣሪያ ጋለሪያ በ1867 የተከፈተ ነው፤ ፕራዳም በ1913 ሱቅ ብሎ የጀመረው እዚያው ውስጥ ነው። ወለሉ ላይ በጥቃቅን ድንጋይ የተሠራ ኮርማ አለ። ሰው ለዕድል ብሎ በተረከዙ ይሽከረከርበታል። የኮርማው የትኛው አካል ላይ እንደሆነ ደርሰህ እይ፣ እኔ አልጽፈውም። አንተ ግን አትሽከርከር፤ ታኮውን ገና አሁን ነው ያስቀየርኩት።

እህትህ ቦርሳ አምጣልኝ ብላሃለች አሉ። መንገድ ዳር ጨርቅ ላይ ተዘርግተው ከሚሸጡት ስመ ጥር ቦርሳዎች እንዳትገዛ። በጣሊያን ሕግ አስመስሎ የተሠራ ዕቃ የገዛም ይቀጣል፤ ቅጣቱ እስከ 7,000 ዩሮ ሊደርስ ይችላል። ሞንቴ ናፖሌዮኔ ጎዳና ሂድና በመስኮት እይ፣ ማየት ገንዘብ አያስከፍልም። ስፌቱንም ጠጋ ብለህ እይልኝ፤ የኪሱ አፍ እንዴት እንደታጠፈ በተለይ። ለፓስፖርትህ ከኮቱ ውስጥ በግራ በኩል ዚፕ ያለው ኪስ ሰፍቼልሃለሁ። በዱኦሞ አደባባይና በማዕከላዊው ባቡር ጣቢያ ኪስ አውላቂ አይጠፋም።

ይህን ሁሉ ማለቴ ያማረበት ሁሉ ይከበራል ለማለት እንዳይመስልህ። መልክህን አይቶ ሱቅ ውስጥ ከኋላ ከኋላህ የሚከተል ዘበኛ ሊያጋጥምህ ይችላል። ያ የኮትህ ጥፋት አይደለም፣ ኮትም አይመልሰውም። የምታየውን አይተህ፣ አመስግነህ ውጣ።

ከሁሉ እየቀነስኩ መጥቼ የጨመርኩልህ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከሽሮ ሜዳ ሸማኔ ያሠራሁት የአንገት ልብስ። ፈትሉ የእጅ ነው፣ ጥለት የለውም፣ ቀለሙ የጥጡ የራሱ ነው። ሙሉ የአገር ልብስ ለብሰህ ኤግዚቢሽኑ ግባ የሚሉህ ይኖራሉ። እኔ አልስማማም፤ ለበዓል የተሰፋ ልብስ የሥራ ቀን ሲለበስ ሰውየውን ትርኢት ያደርገዋል። ይኼኛው ግን ከኮቱ ጋር ይስማማል። በእጁ ሠርቶ የሚኖር ሰው ደግሞ አይቶ አያልፈውም፣ ይዳስሰዋል፣ «ማን ሠራው?» ይልሃል። ስለ ሸማኔው ንገረው፣ ከዚያ ስለራስህ ወንበሮች። ፎቶግራፎቹን በስልክህ ብቻ አትመን፣ አሳትመህ ያዝ።

አክስትህ ያለችው የሐበሻ ምግብ ቤት በበዛበት በፖርታ ቬኔዚያ ሰፈር ነው፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይዛህ ትሄዳለች፣ ነጠላህ ከሻንጣው በታች አለ። ለእሷ የላክሁት በርበሬ በላስቲክ ሁለት ጊዜ ታስሯል። ከነጮቹ ሸሚዞች አርቀህ፣ በጫማዎቹ በኩል አድርገው።

እናትህ