ምጣዷን የከሰስን ጊዜ

ግቢያችን ውስጥ አንድ ቆጣሪ ለሦስት ቤት ነው። ትልቁ ቤት እማዬና እኔ አለን፤ ከኋላ ያለውን ሰርቪስ ለሁለት ከፍለን አከራይተነዋል። የመብራት ሒሳብ ሲመጣ እኩል ሦስት ቦታ እንካፈላለን። ለዓመታት በዚህ ተነጋግረን አናውቅም። ከኅዳር ወዲህ ግን ሒሳቡ እየወፈረ መጣ። የታኅሣሡ ሲመጣ እማዬ መነጽሯን አድርጋ ሁለት ጊዜ አነበበችውና በአገጯ ወደ ሰርቪሱ ጠቆመች።

«ምጣዷ ናት። ለሰው እየጋገረች ሳትሸጥ አትቀርም።»

አንደኛዋ ተከራያችን የአንድ ልጅ እናት ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ትጋግራለች። እኔም ለእማዬ አልመለስኩላትም፤ ምጣድ ሲሰካ የሳሎኑ አምፖል ደብዘዝ ሲል በዓይኔ አየዋለሁ፣ ጥፋተኛ የሚመስል ዕቃ ቢኖር እሱ ነው። ሄጄ በወር 150 ብር እንድትጨምር ነገርኳት። «እሺ ጋሼ» አለችኝ። ያ «እሺ» አሁንም ይከነክነኛል። ብትከራከረኝ ኖሮ ቶሎ እነቃ ነበር።

ለጥምቀት ልጇን ይዛ አገሯ ሄደችና ሁለት ሳምንት ቆየች። ምጣዱ ከነአክንባሎው ጥግ ላይ ተደግፎ ከረመ። ቆጣሪው ግን መሮጡን አልተወም።

ወንድሜን ሳማክረው «ታሪፍ ነው፣ አትልፋ» አለኝ። ግማሽ እውነት አለው። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ታሪፉ በየሦስት ወሩ እየተስተካከለ ለአራት ዓመት እንዲጨምር ተወስኗል። ስለዚህ ብሩን ከብር ጋር ሲያስተያዩ መዋል የትም አያደርስም። ደረሰኙ ላይ መታየት ያለበት ኪሎዋት ሰዓቱ ነው፤ እሱን ታሪፍ አይነካውም። የድሮ ደረሰኞች ከእማዬ ሳጥን አወጣሁ። ጥቅምት ላይ 212፣ ታኅሣሥ ላይ 391። ታሪፍ ጨመረም አልጨመረም፣ 179 ኪሎዋት ሰዓት ከየት መጣ? ደግሞም ክፍያው በእርከን ስለሆነ ሦስት መቶን ስናልፍ የአንዱም ዋጋ አብሮ ከፍ ብሏል። በሁለት በኩል መመታት ይሉታል ይሄ ነው።

እስቲ ምጣዷን እንዳኛት ብዬ አሰብኩ። ምጣድ ሦስት ኪሎዋት ተኩል ገደማ ይስባል። ለሁለት ሰዓት ብትጋግርበት ሰባት ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ በአራት ቅዳሜ 28። እሱም ቢሆን አዲስ አይደለም፣ ጥቅምትም ላይ ትጋግር ነበር። የጠፋብኝ 179 ለሠላሳ ቀን ሲካፈል በቀን ስድስት ይደርሳል። ስድስቱን ለ24 ሰዓት ሳካፍለው ነው የደነገጥኩት፦ 250 ዋት። ሌት ተቀን ሳያርፍ። ምጣድ እንደዚህ አይሠራም፤ ምጣድ ጮሆ በልቶ ዝም የሚል ነው። ይሄ ድምፁን አጥፍቶ የሚበላ ሌላ ነገር ነው።

አንድ ማታ አምስት ሰዓት ላይ ሁሉንም ለምኜ አስጠፋሁ። ፍሪጁን ነቀልኩ፣ ቴሌቪዥኑን፣ ዲቪደሮቹን፣ የእማዬን ስልክ ቻርጀር ሳይቀር። እማዬ በጨለማ «አሁን አበድክ» ስትል ይሰማኛል። ቆጣሪው ፊት ቁጢጥ አልኩ። የእኛ ቆጣሪ ላይ ያለችው ትንሽ ቀይ መብራት 1600 ጊዜ ብልጭ ስትል አንድ ኪሎዋት ሰዓት ይሞላል፤ ፊቱ ላይ ተጽፏል፣ እናንተ ጋ ሌላ ቁጥር ሊሆን ስለሚችል አንብቡት። ሁሉ ከጠፋ መብራቷ መተኛት አለባት።

ብልጭ።

በስልኬ ሰከንድ ቆጠርኩ። ዘጠኝ። ብልጭ። እንደገና ዘጠኝ። በዘጠኝ ሰከንድ አንዴ ማለት በሰዓት 400 ነው፣ 400 ደግሞ የ1600 ሩብ። ሩብ ኪሎዋት፦ 250 ዋት። በወረቀት ያገኘሁትን ቁጥር በዓይኔ ብልጭ ሲል ሳየው፣ እውነቴን ነው፣ ትንሽ ደስ አለኝ።

ከዚያ ብሬከሮቹን አንድ በአንድ ማውረድ ጀመርኩ። የሶኬቱን አወረድኩ፣ ብልጭ። የመብራቱን፣ ብልጭ። የፓምፑን ጠርጥሬው ነበር፤ ሽንት ቤት ውሃ ሲያፈስ ፓምፑ ሌሊቱን ሙሉ እየተነሳ የሚያድርበት ቤት አውቃለሁ። እሱም አይደለም። የቦይለሩን ሳወርድ ዘጠኝ ሰከንድ አለፈ፣ ሃያ አለፈ፣ አንድ ደቂቃ። መብራቷ ተኛች።

ቦይለሩ ግን ጠፍቶ ነበር። ግድግዳው ላይ ያለውን ማብሪያ ራሴ አጥፍቼዋለሁ፣ ቀይዋ ምልክትም የለችም።

በማግስቱ የሰፈራችን ኤሌክትሪሺያን ቴስተሩን ይዞ መጣ። ማብሪያውን ፈቶ ሳቀ። ሲገጠም ሽቦው ተገልብጦ ኖሯል፤ ማብሪያው የሚቆርጠው ፌዙን ሳይሆን ኒውትራሉን ነው። ስናጠፋው ምልክቷ ትጠፋለች፣ ኮረንቲው ግን ሬዚስታንሱ ድረስ ሄዶ ቁጭ ብሏል። ሬዚስታንሱን አውጥቶ መሬት ላይ አጋደመልኝ። ከላዩ እንቁላል ቅርፊት የመሰለ ነጭ ነገር ተጋግሮበታል፤ በጥፍሩ ሲያነሳው ከሥሩ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አለች። ኮረንቲው በዚያች ስንጥቅ ወጥቶ በግራውንድ ሽቦው አድርጎ ከግድግዳው ሥር ወደተቀበረው ዘንግ ይሄዳል። አንድ አምፔር ትንሽ አለፍ ያለ ስለሆነ ብሬከሩ ከነመኖሩም አያውቀው። ስንከፍል የከረምነው ለሙቅ ውሃ ሳይሆን በዘንጉ ዙሪያ ያለውን አፈር ለማሞቅ ኖሯል።

«አፈሩ ደርቋል፣ በጋ ነው» አለ ኤሌክትሪሺያኑ። «ኮረንቲው እንደልቡ አይሰርግም። ያልሰረገው ቧንቧው ላይ ይጠብቅሃል። ለመሆኑ ሰው አልነዘረም?»

ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። የሰርቪሱ ሻወር ሙቅ ውሃ የሚያገኘው ከዚሁ ቦይለር ነው። ኅዳር መጨረሻ ላይ ተከራያችን በሩ ላይ ቆማ «ጋሼ፣ የሻወሩ ውሃ ይነዝረኛል» ብላኝ ነበር። ምን ብዬ እንደመለስኩላት ቃል በቃል አስታውሳለሁ፦ «የላስቲክ ነጠላ ጫማ አድርጊ።» ልጇን የምታጥበው እዚያ ነው። ሒሳቡ መጨመር የጀመረው በዚያው ወር ነው። ሴትዮዋ መልሱን በሬ ድረስ አምጥታልኝ፣ እኔ 150 ብር ጨመርኩባት።

ኤሌክትሪሺያኑ ሬዚስታንሱን ቀየረ፣ ሽቦውን ወደ ቦታው መለሰ፣ ወደ መሬት የሚፈሰው 30 ሚሊአምፔር ሲደርስ በራሱ የሚቆርጥ ብሬከር ገጠመልን። የእኛ ሲያፈስ የከረመው የዚያን ከሠላሳ እጥፍ በላይ ነው። ይህን ስነግራት እማዬ ለረጅም ጊዜ ምንም አላለችም፤ በኋላ ተነስታ ቡና አፈላችና ተከራያችንን ራሷ ጠራቻት።

ከሦስተኛው ስኒ በኋላ የሁለት ወሩን 300 ብር አውጥቼ ሰጠኋት፣ ነገሩንም አስረዳኋት። ብሩን ሳትቆጥር ጉያዋ ከተተችው።

«ውሃውስ ጋሼ?» አለችኝ። «አሁን ልጁን ላጥበው?»