ከዋናው ከተማ ወጥቶ በቢሾፍቱ ስለ መኖር

ሰው መኖሪያውን የሚለውጥበት ምክንያት ብዙ ነው። አንዱ የቤት ኪራይ ይከብደዋል፤ ሌላው ልጆቹ የሚሮጡበት ግቢ ይሻል፤ ሌላውም ጡረታ ወጥቶ ከመኪና ጩኸት መራቅን ይመኛል። ስለዚህ በዘመናችን ከአዲስ አበባ ቤተ ሰቦች ብዙዎቹ ዐይናቸውን ወደ ዳር ከተሞች አዙረዋል። ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታና ለገጣፎ ከአዲስ አበባ ጋራ አጥር ለአጥር የተያያዙ ናቸው፤ እነርሱም በ2015 ዓ.ም ሸገር ከተማ በሚባል አንድ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። ጥቂት ራቅ ብላ የራሷን መልክና ታሪክ ይዛ የምትገኘው ግን ቢሾፍቱ ናት። እኛም ተመላልሰን ያየናትን ይህችን ከተማ፣ ወደ እርሷ ለመዛወር ለሚያስቡ ክርስቲያን ቤተ ሰቦች ይጠቅም እንደ ሆነ፣ እንደሚከተለው እንገልጻለን።

ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 47 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። የቀድሞው አውራ ጐዳና በቃሊቲ፣ በአቃቂና በዱከም አልፎ ይወስዳል፤ በ2007 ዓ.ም መጀመሪያ የተመረቀው የአዲስ አበባና የአዳማ የክፍያ መንገድም መውጫ አለው። ከሁለቱ መንገዶች በፊት ግን ወደዚያ የደረሰው ባቡር ነበር። ከጅቡቲ የተነሣው የቀድሞው ሐዲድ በ1909 ዓ.ም አዲስ አበባ የገባው ቢሾፍቱን አልፎ ነው፤ ለከተማይቱም ማደግ ብዙ ረድቷል። በ2010 ዓ.ም መደበኛ ሥራውን የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡርም በዚያው አቅጣጫ ያልፋል። ቢሾፍቱ ከዚህ በቀር የኢትዮጵያ አየር ኃይል ነባር መኖሪያ ናት፤ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ፣ የእንስሳት ክትባት የሚዘጋጅበት ተቋምና የግብርና ምርምር ማዕከልም አሉባት። ስለዚህ የአዲስ አበባ ጥገኛ ብቻ አይደለችም፤ በራሷ ሥራና በራሷ እንጀራ የምትኖር ከተማ ናት።

ከአንባቢዎቻችን በዕድሜ የገፉት የሚያውቋት ደብረ ዘይት በሚለው ስሟ ነው። ይህ ስም የወጣላት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት ሲሆን፣ ኋላ ግን የጥንት ስሟን ቢሾፍቱን መልሳ ይዛለች። ደብረ ዘይት ማለት የወይራ ዛፍ ተራራ ማለት መሆኑን፣ ቤተ ክርስቲያናችንም በዐቢይ ጾም አምስተኛው እሑድ በዚህ ስም የጌታችንን ዳግም ምጽአት እንደምታስብ ሁላችንም እናውቃለን። ተራራው ከኢየሩሳሌም ማዶ ያለ ነው፤ በጐኑም የአልዓዛር፣ የማርያና የማርታ መንደር ቢታንያ ነበረች። ቅዱስ ወንጌል እንደሚያስረዳን፣ ጌታችን ቀን ቀን በመቅደስ ሲያስተምር ይውልና ሌሊቱን ወጥቶ በዚያ ተራራ ያድር ነበር። በከተማ ውሎ ከከተማ ውጭ ማደር እንግዲህ አዲስ ነገር አይደለም። ነገር ግን ቢታንያ ለጌታችን እንዲሁ የመኝታ ስፍራ አልነበረችም፤ ወዳጆች የነበሩበት፣ ማዕድ የቀረበበት፣ ለሞተ ወዳጅ እንባ የፈሰሰበት መንደር ነበረች። ወደ ዳር ከተማ የሚዛወር ቤተ ሰብም ይህን ልዩነት አስቀድሞ ቢያስተውል ይጠቀማል።

የቢሾፍቱ ጌጥ ውሃዋ ነው። በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የተዋቸው ጐድጓዳ ስፍራዎች ውሃ ሞልቷቸው ሐይቅ ሆነዋል። ቢሾፍቱ፣ ሆራና ባቦጋያ በከተማይቱ ውስጥና በዳርቻዋ ይገኛሉ፤ አረንጓዴ ሐይቅና ቂሎሌ ወጣ ብለው ይታያሉ። ጧት ፀሐይ ስትወጣ በአንደኛው ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ቍልቍል ለተመለከተ ሰው፣ ውሃው በታላቅ ገበታ ውስጥ የተቀመጠ ይመስለዋል፤ የወፎቹም ድምፅ ከታች ወደ ላይ ይሰማዋል። በዚህ ውበት ምክንያት ቅዳሜና እሑድ፣ በበዓላትም ቀን፣ ከአዲስ አበባ የሚጐርፈው እንግዳ ብዙ ነው። ነገር ግን ልጆች ያሉት ቤተ ሰብ አንድ ነገር ይወቅ። እነዚህ ሐይቆች እንደ ወንዝ ዳር ቀስ በቀስ የሚጠልቁ አይደሉም፤ ከዳሩ ጥቂት ራቅ ሲሉ ወዲያው ገደል ናቸው። የቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀት ከ80 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ ዋና ያልተማረ ልጅ ያለ ጠባቂ ወደ ውሃው እንዳይወርድ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ማስጠንቀቅ ይገባል።

አየሩም ከአዲስ አበባ ይለያል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ስትሆን ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር ያህል ናት፤ ስለዚህ ሙቀቷ ለሽማግሌዎች አጥንት የተመቸ ነው። ነገር ግን በዚህ ከፍታ ክረምቱ ሲወጣ የወባ ትንኝ ትነሣለች። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ሰው ወባን በወሬ ብቻ ስለሚያውቃት ትኵሳቱን እንደ ጉንፋን ቈጥሮ ይተኛል። አጐበር መዘርጋትና ትኵሳት ሲይዝ ሳይዘገዩ ደምን ማስመርመር የቤቱ ልማድ ሊሆን ይገባል።

በዙሪያዋ ያለው የአድአ ምድር ደግሞ በጤፉ የታወቀ ነው። በ1998 ዓ.ም ቍንጮ የተባለው ነጭ የጤፍ ዝርያ ለገበሬው የወጣው በዚያው ከሚገኘው የምርምር ማዕከል ነው። የቤት እመቤት ጤፉን ከምንጩ ለመግዛት ትችላለች፤ ይህም ለእንጀራ በላተኛ ቤት ቀላል ነገር አይደለም።

እንግዲህ ወደ ምክሩ እንመለስ። መጀመሪያ የሚመረመረው የቦታው ነገር ነው። አዲስ ታላቅ የአውሮፕላን ማረፊያ በአቅራቢያዋ እንዲሠራ ከተወሰነ ወዲህ ስለ ቢሾፍቱ መሬት የሚያወራ ደላላ በዝቷል። በአገራችን ሕግ ግን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ገበሬ በግል ውል የሚያስረክበው የእርሻ መሬት ለቤት መሥሪያ ሕጋዊ መሠረት የለውም። በየካቲት 2011 ዓ.ም በለገጣፎ ሕገ ወጥ ተብለው ብዙ ቤቶች ሲፈርሱ፣ ዕቃቸውን ሜዳ ላይ አስቀምጠው ያደሩ ቤተ ሰቦች ሐዘን ገና አልተረሳም። ስለዚህ ካርታውንና የግንባታ ፈቃዱን በከተማው ማዘጋጃ ቤት ሳያረጋግጡ አንድ ብር እንኳ ከኪስ ማውጣት አይገባም። ክርስቲያን ደግሞ ከሕጉ አልፎ፣ የሚሠራበት ቦታ ከማን እጅ እንደ ወጣና ባለቤቱ ተገቢውን ካሣ አግኝቶ እንደ ሆነ ሊጠይቅ ይገባዋል።

ሁለተኛው የቋንቋ ነገር ነው። ቢሾፍቱ በኦሮሚያ ክልል ያለች ከተማ ስለ ሆነች የመሥሪያ ቤቱ ቋንቋ ኦሮምኛ ነው፤ ልጆችም በትምህርት ቤት ይማሩታል። በየትኛው ቋንቋ እንደሚያስተምሩ ትምህርት ቤቱን አስቀድሞ መጠየቅ የወላጅ ፈንታ ነው። ይህን እንደ ሸክም የሚቈጥሩ ወላጆች አጋጥመውናል። እኛ ግን በመምህርነታችን ያየነው ልጅ ሁለት ቋንቋ ሲማር አእምሮው እንደማይጠብ ነው። አዋቂውም ቢሆን ጐረቤቱን ጧት «አካም ቡልተኒ» ብሎ ቢጠይቅ ምን ይጐድልበታል? ቋንቋውን ያወቀ፣ ስብከት በኦሮምኛ በሚሰጥበት ቤተ ክርስቲያንም ከወንድሞቹ ጋራ ቃሉን ይሰማል። ከመስቀል በዓል በኋላም በሆራ አርሰዲ ዳር የኦሮሞ ሕዝብ የኢሬቻ በዓሉን ለማክበር በብዛት ይሰበሰባል፤ መንገዱም ይጨናነቃል። በመስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም በዚያ በዓል ላይ በደረሰው አደጋ ብዙ ወገኖች ሕይወታቸውን አጥተዋል፤ ይህ ሐዘን በከተማይቱ ልብ ያለ ነውና አዲስ ገቢ ሰው ሊያውቀውና ሊያከብረው ይገባል።

ሦስተኛው የጸጥታ ነገር ነው። ከቢሾፍቱ በስተ ደቡብ የዝቋላ ተራራ ይታያል፤ በላዩም የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም አለ። ጥቅምት 5 ቀንና መጋቢት 5 ቀን ወደዚያ መውጣት የብዙዎች ስእለት ነው። በየካቲት 2016 ዓ.ም ግን አራት የገዳሙ አባቶች በታጣቂዎች እጅ ተገድለዋል። ስለዚህ ለበዓልም ሆነ ለሌላ ጉዳይ ከከተማ የሚወጣ ሰው የመንገዱን ሁኔታ ከአገሩ ሰዎች ጠይቆ ይነሣ።

አራተኛውና ከሁሉ የሚከብደው የጊዜ ነገር ነው። ሥራው በአዲስ አበባ የቀረ ሰው በቀን 94 ኪሎ ሜትር ይመላለሳል። መኪና መጠበቁን ጨምሮ ለአንድ ጕዞ አንድ ሰዓት ተኩል ብንመድብለት በቀን 3 ሰዓት፣ በሳምንቱ 5 የሥራ ቀናት 15 ሰዓት በመንገድ ያልቃል። ይህ በ40 ሳምንት 600 ሰዓት ይሆናል፤ ማለት 25 ቀንና ሌሊት ሙሉ ነው። ተማሪዎቻችን ይህን ሒሳብ በሰሌዳ ላይ ሲሠሩ ይስቃሉ፤ የቤቱ እናት ስትሠራው ግን አትስቅም። አባት ሌሊት በ11 ሰዓት ወጥቶ ማታ በ2 ሰዓት ሲገባ፣ ልጁን ተኝቶ ትቶት ይሄዳል፤ ተኝቶም ያገኘዋል። የኪራዩ ቅናሽ ከዚህ ጋራ ይመዘን።

ይህን በቃል ብቻ እንዳንተወው፣ በቅርብ የምናውቃቸው የአንድ አባወራ ነገር ይነገር። እኒህ ሰው በቢሾፍቱ ቤት ገዝተው አራት ዓመት ሲኖሩ፣ ዕድራቸውም፣ የሰበካ ጉባኤ ካርዳቸውም፣ የነፍስ አባታቸውም በአዲስ አበባ በቀድሞ ሰፈራቸው ነበሩ። በሥራ ቀን ማልደው ይወጣሉ፤ እሑድም ቤተ ሰባቸውን ይዘው ወደ ቀድሞው አጥቢያ ይሄዳሉ። አብረዋቸው ይኖሩ የነበሩት እናታቸው በአንድ የክረምት ሌሊት ዐረፉ። ዕድርተኞቻቸው ድንኳኑን ጭነው ዝናብ በያዘው መንገድ እስኪደርሱ ድረስ ግማሽ ቀን አለፈ። በዚያ መካከል አባወራው ስማቸውን የማያውቋቸው የመንደሩ ሰዎች መጡ፤ የራሳቸውን ዕድር ድንኳን ተከሉ፤ አግዳሚ ወንበርም ደረደሩ። አንዲት ኦሮሞ እናት እንጀራና ወጥ በመሶብ አሸክመው ከልጆቻቸው ጋራ ገቡ፤ ሙስሊሙ ባለ ሱቅም ሱቁን ዘግቶ ውሃ ሲቀዳ ዋለ። ስለ ቀብሩ ወደ አጥቢያው ሲኬድ ስማቸው በመዝገብ አልተገኘም። የመንደሩ ሽማግሌዎች ግን ቆመው ስለ እርሳቸው ተናገሩ፤ ካህናቱም ፈቀዱ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ማታ ሲያጽናኗቸው፣ «እኛ የምናውቀው የግቢዎን በር ነበር፤ ዛሬ እርስዎን አወቅን» አሏቸው። ተግሣጽ አልነበረም፤ አባወራው ግን እስከ ዛሬ ይህን ቃል ያነሡታል። አርባው ሳይወጣ በአጥቢያው ተመዘገቡ፤ ዕድሩም ገቡ፤ በጽዋ ማኅበሩም ተራ ያዙ። ከዓመት በኋላም ደመወዙ ቢያንስም ሥራቸውን ወደዚያው ወደ ቢሾፍቱ አዛወሩ። ታናሹ ልጃቸው አሁን ማታ ማታ ዳዊት የሚደግመው ከአባቱ ጋራ ነው።

እንግዲህ ለመዛወር ያሰበ ቤተ ሰብ ቤቱን ከማየቱ በፊት በአንድ የሥራ ቀን ጧት በመንገዱ ይሂድ፤ ማታም ይመለስበት። በክረምትም መንደሩን ይመልከት፤ ውሃው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ከደላላው ሳይሆን ከጐረቤት ሴቶች ይጠይቅ። የሚቀርበው ቤተ ክርስቲያን የት እንደ ሆነ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ለልጆቹ መኖሩንም ይወቅ። በገባ በመጀመሪያው ወርም መሸኛውን ከቀድሞ አጥቢያው አምጥቶ በአዲሱ ይመዝገብ፤ የነፍስ አባቱንም አማክሮ፣ የሚያርቀው ከሆነ ሌላ አባት ይያዝ። ዕድር ይግባ፤ ለቅሶም ይድረስ፤ የጐረቤቱንም ስም ይማር።

ሥራውና ትምህርት ቤቱ በአዲስ አበባ ተተክለው የሚቀሩ፣ ለጐረቤትና ለአጥቢያም ጊዜ የማይተርፈው ቤት ግን በጠባቡ ኪራይ ቤት መቈየቱ ይሻለዋል ብለን እናምናለን። ለሌላው፣ ቢሾፍቱ ደግ አገር ናት። የሐይቁ አየር፣ የአድአ ጤፍና የጐረቤት ደግነት አንድ ላይ የሚገኙባት ስፍራ ናትና ሙሉ ልቡን ይዞ ይግባ። የአብርሃምን ድንኳን የባረከ አምላክ የገባበትን ቤት ሁሉ ይባርክ፤ አሜን።